የፎቶ ፋይል ፎርማት ስንመርጥ የምንሳሳታቸው ነገሮች

«ጄፔግ አርጅቷል፣ አዲሶቹን ተጠቀሙ።»

ጄፔግ ብዙ ፎቶ የሚቀመጥበት፣ ስሙ በ.jpg የሚያልቅ ፎርማት ነው። ማርጀቱ እውነት ነው፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። አዲሶቹ የሚባሉት ፎርማቶች፣ ዌብፒ በ2010፣ ኤቪአይኤፍ ደግሞ በ2019 ተከትለውት መጡ። ግን እስቲ ጄፔግ የማይከፍት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ፈልጋችሁ አምጡ! ፎቶውን የምትልኩለት ሰው በምን እንደሚከፍተው ካላወቃችሁ፣ ወይም ለህትመት የምትሰጡት ከሆነ ጄፔግ አያሳፍርም። አዲሶቹ በደንብ የሚያሸንፉት ድረ ገጽ ላይ ነው። ተመሳሳይ ጥራት ያለውን ፎቶ በትንሽ ቦታ ስለሚይዙት ገጹ ቶሎ ይከፈታል። እዚያም ቢሆን ኤቪአይኤፍ እና ጄፔግ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል፣ ብራውዘሩ የሚችለውን መርጦ ይወስዳል።

«ጄፔጉን ወደ ፒኤንጂ ብቀይረው ጥራቱ ይጨምራል።»

ኧረ አይጨምርም። ጄፔግ ፋይሉን የሚያሳንሰው ዓይን ብዙም የማያስተውለውን ዝርዝር እየጣለ ነው። ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ካሬዎች ከፋፍሎ ስለሚሠራ፣ ከመጠን በላይ የተጨመቀ ፎቶ ላይ ካሬ ካሬ ነገር ይታያል። የተጣለው ደግሞ ተጥሏል። ፒኤንጂ የተባለው ፎርማት ምንም ሳይጥል ያስቀምጣል፣ ይሁን እንጂ የሚያስቀምጠው የደረሰውን ነው፣ ካሬዎቹን ጭምር። የምታተርፉት ነገር ቢኖር የወፈረ ፋይል ነው።

የዚህ ተቃራኒም አለ፦ ቦታ ለመቆጠብ ብሎ የዓመታት የጄፔግ ፎቶዎችን በአንዴ ወደ ዌብፒ ቀይሮ ዋናዎቹን ማጥፋት። በተለመደው የዌብፒ አሠራር ፎቶው ሁለተኛ ዙር ዝርዝር ይጣልበታል። አደራ፣ ዋናውን አታጥፉ። ከዚህ ችግር ነፃ የሆነው ጄፔግ ኤክስኤል የተባለው ሌላ አዲስ ፎርማት ነው፤ የቆየ ጄፔግን በ20 በመቶ ገደማ አሳንሶ፣ ስትፈልጉ ዋናውን ፋይል አንዲት ባይት ሳትጎድል ይመልስላችኋል። እንዲህ ጎበዝ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2023 የጉግል ብራውዘር ክሮም በሙከራ ይዞት የነበረውን ይህን ፎርማት አስወጣው፣ በዚያው ዓመት የአፕል ብራውዘር ሳፋሪ አስገባው። አንድ ፎርማት ጥሩ ስለሆነ ብቻ አይስፋፋም።

«ጄፔግ በተከፈተ ቁጥር ይበላሻል።»

ማየትም ሆነ ወደ ፍላሽ መገልበጥ ምንም አያደርገውም። የሚጎዳው ኤዲት አድርጎ እንደገና ጄፔግ አድርጎ ሴቭ ማድረግ ነው፣ በተለይ ሲደጋገም። ሌላው ጥፋተኛ የመልእክት መተግበሪያ ነው፦ ብዙዎቹ እንደ ፎቶ የላካችሁትን ራሳቸው ያሳንሱታል። ጥራቱ ካሳሰባችሁ እንደ ፋይል ላኩት።

«ፒኤንጂ ሁሌም ከጄፔግ ይሻላል።»

ለስክሪንሾት፣ ለሎጎ፣ ጽሑፍ ላለበትና ጀርባው ከኋላው ያለውን እንዲያሳይ ለምትፈልጉት ምስል፣ አዎ። ስክሪንሾትን ጄፔግ ስታደርጉት በፊደሎቹ ዙሪያ ብናኝ የመሰለ ቆሻሻ ይመጣል። በካሜራ ለተነሳ ፎቶ ግን ፒኤንጂ ቦታ መጨረስ ነው፣ ልዩነቱን በዓይናችሁ አታዩትም።

«በፋይሉ ስም ላይ ከነጥቡ በኋላ ያለውን ቀይሬዋለሁ፣ አሁን ጄፔግ ሆኗል።»

አልሆነም። ስሙ ተቀየረ እንጂ ውስጡ ያው ነው። አንዳንድ ፕሮግራም ውስጡን አይቶ ዝም ብሎ ይከፍተዋል፣ ሌላው ፋይሉ ተበላሽቷል ይላችኋል። በትክክል ለመቀየር በፎቶ ፕሮግራም ከፍታችሁ በሌላ ፎርማት ሴቭ አድርጉት።

«ኤችኢአይሲን የፈጠረው አፕል ነው፣ ከአይፎን ውጭ አይሠራም።»

ኤችኢአይሲ አይፎን ፎቶ የሚያስቀምጥበት ፎርማት ነው፣ ግን ሁለቱም አባባል ልክ አይደለም። መስፈርቱን ያወጣው ኤምፔግ የተባለው ቡድን ነው፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2017 አይፎን ላይ አስገብቶ አስፋፋው። ብዙ አንድሮይድ ስልኮችም ይከፍቱታል። ዊንዶውስ ላይ ግን ተጨማሪ ነገር መጫን ሊያስፈልግ ይችላል፣ ከሳፋሪ በቀር ዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮችም አያሳዩትም። አንዱ ምክንያት የሚጠቀምበት የመጭመቂያ ዘዴ የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት) ክፍያ ስላለበት ነው። ፎቶ በላካችሁ ቁጥር «አልከፈት አለኝ» የሚል መልስ ከሰለቻችሁ፣ አይፎኑ ሴቲንግ ውስጥ ካሜራ፣ ከዚያ ፎርማትስ ግቡና «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን ምረጡ። ከዚያ በኋላ የምታነሱት ፎቶ በጄፔግ ይቀመጣል፣ የበፊቶቹ ግን እንዳሉ ይቆያሉ።