የአምፖል ባዜቃ ምንድን ነው?

ባዜቃ ማለት ሜርኩሪ ነው። ጠመዝማዛው ቆጣቢ አምፖልም ሆነ ረጅሙ ፍሎረሰንት ያለ እሱ አይበራም። ኤሌክትሪኩ የባዜቃውን ተን ሲመታው በዓይን የማይታይ አልትራቫዮሌት ጨረር ይወጣል፤ መስታወቱ ከውስጥ የተቀባው ነጭ ዱቄት ደግሞ ጨረሩን ወደ ብርሃን ይለውጠዋል። አምፖል ሲሰበር ሊሾው ላይ እንደ ፉርኖ ዱቄት ብን ብሎ የሚቀረው ይኸው ዱቄት ነው። ባዜቃው እሱና ስብርባሪው ላይ ተጣብቆ ቀስ እያለ ይተናል። ሽታ ስለሌለው ማንም አያውቅበትም።

መጠኑ ትንሽ ነው። አንድ ቆጣቢ አምፖል 4 ሚሊ ግራም ያህል ይይዛል፤ የድሮው የባዜቃ ቴርሞሜትር ግን 500 ሚሊ ግራም ገደማ ነበረው። ስለዚህ መደንገጥ አያስፈልግም፤ መጠንቀቅ ግን ግድ ነው፤ በተለይ የሚድህ ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ባለበት ቤት።

አምፖል ከተሰበረ መጀመሪያ ሰው ሁሉ ከክፍሉ ይውጣ። መስኮቱንና የውጭውን በር ክፈቱ፣ ወደ ሌላ ክፍል የሚያስገባውን ዝጉ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቁ። የተሰበረው እንደተሰቀለ ከሆነ ከመንካታችሁ በፊት መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ።

ትልቁ ስህተት መጥረጊያ ማንሳት ነው። መጥረጊያ ዱቄቱን ያቦነዋል፤ በጭራሮቹ መሃል የቀረው ደግሞ በማግስቱ ጓዳና መኝታ ቤት ይገባል። የኤሌክትሪክ መጥረጊያም ያው ነው። ጓንት አድርጋችሁ ስብርባሪውን በሁለት የካርቶን ቁራጭ እፈሱት። ደቃቁን በፕላስተር እያጣበቃችሁ አንሱ፤ ምንጣፍ ላይ ከሆነ ከፕላስተር የተሻለ ነገር የለም። በመጨረሻ ወለሉን በረጠበ ሶፍት ጥረጉ። ካርቶኑም፣ ፕላስተሩም፣ ሶፍቱም ከስብርባሪው ጋር የብረት ክዳን ባለው የማርማላት ጠርሙስ ይግባ። ጠርሙስ ከጠፋ ሁለት ፌስታል ደርባችሁ ቋጥሩ፤ ፌስታል ግን ተኑን አጥብቆ ስለማይዝ ውጭ ይቀመጥ። አምፖሉ አንሶላ ላይ ከተሰበረ አንሶላውን አትጠቡት፣ አብሮ ይጣል። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ መስኮቱ ለሰዓታት ይከፈት።

ከዚያስ የት ይጣል? በለገጣፎም ሆነ በኮዬ ፈጬ ቆሻሻ ሰብሳቢ በዘገየ ቁጥር ግቢ ጥግ ላይ ማቃጠል የተለመደ ነው። አምፖል ከዚያ እሳት ጋር ፈጽሞ አይቃጠል። በወለል ላይ ቀስ እያለ የሚተነው ባዜቃ እሳት ሲያገኘው ባንድ ጊዜ ይወጣል፤ የሚተነፍሰው ደግሞ እሳቱን የሚቆሰቁሰው ሰው ነው፣ ብዙ ጊዜም ልጅ። ሽንት ቤት ጉድጓድም መፍትሔ አይደለም፤ አካባቢው የጉድጓድ ውሃ የሚጠጣ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ጠርሙሱ ላይ «የተሰበረ አምፖል» ብላችሁ ጻፉና ለሰብሳቢዎቹ በእጃቸው ስጡ፣ ምን እንደሆነም ንገሯቸው። ማዳበሪያ ውስጥ ከሌላው ጋር ከተጠቀጠቀ ጠርሙሱ ይሰበርና እጃቸውን ይቆርጣል። ሳይሰበር የተቃጠለ አምፖል ካለ በራሱ ካርቶን ይቀመጥ፤ ወረዳው ለይቶ የሚረከብ እንደሆነም ጠይቁ።

ኤልኢዲ አምፖል ባዜቃ የለውም፤ ስትቀይሩ እሱን ግዙ። የሚናማታ ስምምነት (ባዜቃን ለመቀነስ የተደረገ ዓለም አቀፍ ስምምነት) አባል አገሮች ረጃጅሞቹ ፍሎረሰንቶች እ.ኤ.አ. በ2027 ከምርትና ከንግድ እንዲወጡ ወስነዋል። በየቤቱ የተሰቀሉት ግን ገና ብዙ ናቸው፤ ሲፈቱም ሊሰበሩ ይችላሉ። ጠመዝማዛውን ስትፈቱ አጥፍታችሁ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቃችሁ፣ መስታወቱን ሳይሆን ነጩን የፕላስቲክ መቀመጫ ይዛችሁ አዙሩ።