«ካልተናገረ አልተጫወተም» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

«እሷ እኮ አትጫወትም፤ ዝም ብላ ነው የምትቀመጠው።» አዲስ ሰው ጠረጴዛችን ላይ በተቀመጠ ቁጥር፣ ጨዋታው ሲያልቅ ወደ በረንዳ ይስበኝና ይቺን ሹክ ይለኛል። እኔ ሐዋሳ ውስጥ ዲኤም ነኝ፣ ጨዋታ እመራለሁ። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን ለማታውቁት ባጭሩ፦ አምስት ስድስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል፣ እያንዳንዱ አንድ ካራክተር (ገጸ ባሕርይ) ይይዛል፣ ዲኤሙ የቀረውን ዓለምና ሕዝብ በሙሉ ይጫወታል፣ አጠራጣሪ ነገር ሲመጣ ባለ 20 ፊት ዳይስ ይወረወራል። ጨዋታው በወሬ ስለሚሄድ ብዙ ሰው ወሬው ሁሉ በካራክተሩ አፍ፣ በ«እኔ»፣ ከተቻለም በተለወጠ ድምፅ መሆን ያለበት ይመስለዋል። አይደለም። (ጨዋታው ጥንቆላ ነው የሚለውን ዛሬ አልነካውም፤ እሱ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው።)

«በካራክተሩ አፍ ካልተናገረ አልተጫወተም»

ደሜን የሚያፈላው ይኸኛው ነው። እንዲህ የሚሉኝ ሰዎች መጽሐፉን ስልካቸው ላይ ጭነውት ይዞራሉ፤ አላነበቡትም እንጂ። በ2014 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው) የወጣው የተጫዋቾች መመሪያ ካራክተርን መጫወት የሚቻልባቸው ሁለት መንገዶች እንዳሉ በግልጽ ጽፏል። አንደኛው ካራክተሩ የሚያደርገውንና የሚለውን መተረክ ነው፣ ሁለተኛው ራስን በእሱ ቦታ አድርጎ መናገር ነው። አንዱን ከሌላው አላስበለጠም። አብዛኛው ተጫዋች ሁለቱን እንደሚቀላቅልና ለራስ የሚስማማውን መያዝ እንደሚገባ ነው የሚለው። «ካራክተሬ ነጋዴውን ታግባባዋለች፣ ዋጋውን ካልቀነሰ ስለ ሚዛኑ ለሹሙ እንደምትናገር ትጠቁመዋለች» ያለች ልጅ ተጫውታለች። ያውም በደንብ።

የዚህ እምነት ምንጭ ዩቲዩብ ይመስለኛል። ከ2015 ጀምሮ የሚተላለፈውን፣ ተዋናዮች ይህንኑ ጨዋታ ሲጫወቱ የሚታዩበትን ክሪቲካል ሮልን ያየ ሰው ጨዋታው እንዲያ ብቻ ይመስለዋል። እነዚያ ሰዎች እንጀራቸው የድምፅ ትወና ነው! ጨዋታው ራሱ ግን ከትወና አልተወለደም። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 ሲያሳትሙት ሥሩ ጠረጴዛ ላይ ጦር የሚሰለፍበት የውጊያ ጨዋታ ነበር፤ እዚያ ጄኔራል ለመሆን እንደ ጄኔራል ማጓራት አያስፈልግም።

ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲጠየቅ ሙሽራው እዚያ ቤት የለም። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ምን ሠርቶ እንደሚያድር የሚያወሩት ሌሎች ናቸው። ታዲያ ጋብቻው የሽማግሌዎቹ ነው?

ከእኛ መሃል አንዲት ነርስ አለች፣ ፈዋሽ ነው የምትጫወተው። «እኔ» ስትል ሰምቻት አላውቅም። አንድ ቀን ቡድኑ ሌሊት የከተማ በር ማለፍ ነበረበት። ሁለቱ አፈኞቻችን ተነሥተው፣ ድምፃቸውን አወፍረው፣ በረኛውን አስፈራሩት፣ ሰደቡት፣ አንዱ እንዲያውም ግጥም ገጠመለት። በረኛው እኔ ነኝ፤ አልከፈትኩም። በመጨረሻ ነርሷ ከወረቀቷ ቀና ሳትል «ይሄ ሰውዬ ባለፈው ልጄ ያስለዋል ብሎን አልነበር? ካራክተሬ መድኃኒቱን ታሳየዋለች፣ በሩ ከተከፈተ ሕፃኑን አሁኑኑ ሄዳ ታየዋለች» አለች። ዳይስ እንኳ አላስወረወርኳትም፣ በሩ ተከፈተ። ከበረንዳው ሹክሹክታዎች አንዱን የሰማሁት በዚያው ምሽት ነው።

«ዓይን አፋር ስለሆነ ነው»

አንዳንዴ አዎ። ብዙ ጊዜ ግን ጨዋነት ነው። ጠረጴዛችን ላይ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው፣ ከእኛ በሃያ ዓመት የሚበልጡ መሐንዲስ አሉ። በአንድ ጨዋታ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ንግሥት ሆነች፣ እሳቸው ደግሞ አሽከሯ። ንግሥት አሽከሯን «ና እዚህ! ይሄን ጫማ አንሣ!» ትላለች። ልጅቷ ግን ሳምንቱን ሙሉ «እርስዎ» የምትላቸውን ሰው እንዴት አድርጋ ታዝዝ? አፏ ላይ ቀረ። እሳቸው «በይ ግድ የለም፣ ጨዋታ ነው» ቢሏት ባሰባት። «ንግሥቲቱ እንድትጠራው ነው የምትፈልጊው?» አልኳት። «አዎ፣ ትጠራዋለች፣ በጣም ተቆጥታለች» አለች፤ ከዚያ በኋላ ቁጣዋን ያስቆማት አልነበረም። በሦስተኛ መደብ ሆና ጋሼን አስገረፈቻቸው፣ ርስታቸውን ቀማች፣ አሳደደቻቸው። እሳቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ይሉኝታውን ሰብራ እንድትወጣ ባስገድዳት ኖሮ በቀጣዩ ሳምንት አትመጣም ነበር።

«ድምፅ ካልተቀየረ አይጥምም»

ድምፅ ቀያሪዎቻችን ቀየርን የሚሉት ብዙ ጊዜ የሰው አነጋገር ነው። ሞኙ ገበሬ ሲመጣ ከገጠር የመጣ ሰው ዘዬ፣ ስግብግቡ ነጋዴ ሲመጣ የሌላ ብሔር ዘዬ። ሐዋሳ ላይ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቤቱ ሲዳምኛ የሚያወራ፣ ወላይትኛ የሚያወራ፣ ኦሮምኛ የሚያወራ ተቀምጦ ነው አማርኛ የምንነጋገረው። አማርኛውን ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ በዘዬ ሲሳቅ ከሰማ በኋላ በካራክተር አፍ እንዲናገር መጠበቅ ቀልድ ነው። እኔ ቤት ይሄ ክልክል ነው፣ ክርክርም አልቀበልም።

«አፍ ከሌለህ ባርድ አትሁን»

ባርድ የጨዋታው አዝማሪ ነው፤ አፈ ቅቤ። ካሪዝማው (ሰው የመማረክ ችሎታው ነጥብ) 18 የሆነ፣ ማሳመን የተካነ የመጀመሪያ ደረጃ ባርድ ዳይሱ ላይ 6 ይደምራል። መካከለኛ ክብደት ላለው ነገር መድረስ ያለበት 15 ነው፤ እና 9 ወይም በላይ ከወጣለት ተሳካለት፣ ከ20ው ፊት 12ቱ ማለት ነው። ይህን ችሎታ የሰጠው ሕጉ ነው። የሒሳብ መምህሩ በሕይወቱ ጎራዴ ነክቶ ሳያውቅ ጨዋታው ላይ ዘንዶ ሲገድል ዝም ያላችሁ ሰዎች፣ ዝምተኛው ልጅ ንጉሥ ሲያግባባ ለምን «እስቲ ምን አልከው?» ብላችሁ ታፋጥጡታላችሁ?

«ገፋ ገፋ ሲደረግ ይለምዳል»

አይለምድም፣ ይቀራል። ዲኤም ከሆንክ እንዲህ አድርግ። ዓይን ዓይኑን እያየህ በንጉሥ ድምፅ «ምን ትፈልጋለህ?» አትበለው። በራስህ ድምፅ ጠይቀው፦ ካራክተርህ ምን ማግኘት ይፈልጋል? በምን መንገድ? በልመና፣ በማስፈራራት፣ በገንዘብ? የሚሰጠውስ ነገር አለው? ሦስቱ ከተመለሱ ትዕይንቱ ተሟልቷል፣ ንጉሡን ሆነህ አንተ መልስለት። ለማሰብ ጊዜ ስጠው። ጓደኛው «እኔ ልንገርልህ» ብሎ ከአፉ ሲነጥቅ አስቁም፤ መርዳት ከፈለገ ሕጉ ላይ እርዳታ የሚባል ነገር አለ፣ ሁለት ዳይስ አስወርውረህ ትልቁን ያዝለት። ከመጀመሪያው ቀን በፊትም ለብቻው ጠይቀው፣ ሰው ፊት አይደለም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ቀን ሳያስበው «አልሰጥህም!» ብሎ በካራክተሩ አፍ ቢናገር እንዳታጨበጭብ። «ዛሬስ ተናገርክ!» ያልከው ቀን ሁሉም እንደሚጠብቀው ያውቃል፣ ተመልሶ ይዘጋል። ሰምተህ እንዳልሰማህ ጨዋታህን ቀጥል።

«ዝም ያለ ሰልችቶታል»

ስልኩን የሚነካካው ሰልችቶታል። ካርታውን የሚያየው አልሰለቸውም።

«ታዲያ ትወና የምንወደው የት እንሂድ?»

የትም። ተውኑ፣ ደስ ትሉኛላችሁ፣ ግጥሙም ይቀጥል። ብቻ ሁለት ሰው ለብቻው ሃያ ደቂቃ ሲተዋወን እቆርጠውና «ቆይ፣ በዚህ ጊዜ ሌሎቻችሁ ምን እያደረጋችሁ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ አንዱ ቁልፉን ሰርቆ ጨርሷል።