ስለ ጸጋና ቸርነት፦ በጎጃም የሚሰሙ ስሕተቶችና እውነታው

«ጸጋ ለደግነታችን የሚከፈል ደመወዝ ነው።» እንዲህ የሚል ሰው ክርስትና ሲነሣ ቆሞ ይመልከት። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ ምን ሠርታ ነው? ሰይጣንን የሚክድላት፣ እምነቷን የሚመሰክርላት ክርስትና የሚያነሣት ሰው ነው፤ እሷማ ታለቅሳለች እንጂ የምታቀርበው ሥራ የላትም። ቄሱ ግን ሦስት ጊዜ ያጠምቋታል፣ 36 ቦታ ሜሮን ይቀቧታል፣ በዚያው ዕለት ትቆርባለች። ለሠራተኛ የሚከፈለው ዕዳ እንጂ ጸጋ አይደለም (ሮሜ 4፥4)።

«እንግዲያ ሥራ ለምኔ?» የሚለው ደግሞ የተገላቢጦሹ ነው። ኤፌሶን 2፥8ን በቃሉ የያዘ ሁለት ቁጥር ቢጨምር «ለበጎ ሥራ» መፈጠሩን ያነብ ነበር።

በንስሐ ላይ ያለው ስሕተት ይብሳል። ብዙ ሰው የንስሐ አባቱ የሚያዝዙትን ቀኖና ኃጢአቱን የሚከፍልበት መቀጮ ያደርገዋል። ስርየቱ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው፤ ቀኖናው ቁስሉ እንዲጠግግ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። ስለዚህም መጠኑ እንደ ሰው አቅም ይለያያል፤ እርጉዝና ሕመምተኛ እንደ ጤነኛ ስገዱ አይባሉም። ሁለት ነገር ያበላሸዋል። የንስሐ አባት 40 ስግደት ያዘዙትን «ኃጢአቴ ከባድ ነው» ብሎ በራስ ፈቃድ 100 ማድረግ አንዱ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ጉልበት ይከዳና አርባውም ይቀራል። ሌላው እሑድ፣ እንዲሁም ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት መስገድ ነው፤ በእነዚህ ቀናት የንስሐ ስግደት የለም። ቀኖናው እዚያ ላይ ከዋለ ለንስሐ አባት ነግሮ ማስለወጥ ነው እንጂ፣ «ቀኑ አለፈኝ» ብሎ ነገሩን እርግፍ አድርጎ መተው አይገባም።

የካቲት 16፣ የኪዳነ ምሕረት በዓል፣ በመጣ ቁጥር ደግሞ «በላዔ ሰብ 78 ነፍስ በልቶ በጥርኝ ውኃ ዳነ፣ እኔማ ምን አለብኝ» የሚል አይጠፋም። በተአምረ ማርያም ታሪኩ የሚነገረው ሰው በላው በላዔ ሰብ ውኃውን ለለመነው ለምጻም የሰጠው በእመቤታችን ስም ስለተለመነ ነው፤ ሒሳብ ይዞ አልነበረም። ምሕረቱን አስቀድሞ አስልቶ የሚበድለውን ጳውሎስ «ጸጋ እንዲበዛ በኃጢአት ጸንተን እንኑርን?» ብሎ ይጠይቀዋል (ሮሜ 6፥1)።

በመጨረሻ፣ «ለቆሎ ተማሪ መስጠት ውለታ መዋል ነው» የሚሉ አሉ። ዋሸራም ሆነ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የሚቆጥረው ልጅ ለምዱን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል በራስህ ስም አልለመነህም፤ የምትቆርስለትም ከተሰጠህ ላይ ነው። አሰጣጡ ግን ወግ አለው። መጀመሪያ ውሻውን እሰር፤ ተማሪው ዱላ የሚይዘው ለጌጥ አይደለም። የሻገተ እንጀራ አትስጠው፤ ያሳምመዋል፣ ደግሞም ለእንግዳህ የማታቀርበውን በማርያም ስም አይሰጥም። ድርቆሽ፣ ቆሎ፣ ንፍሮ ይበቃዋል። ምንም ከሌለህ «እግዜር ይስጥህ» በለው እንጂ ደጅህ ላይ ዝም ብለህ አታቁመው፤ ገና ሌላ ቤት ይዞራል።