የንጋት ዝማሬ ምንድን ነው? ወፍን ሳያዩ በድምፁ መለየት

አዲስ አበባ ውስጥ ዛፍ ያልጠፋበት ሰፈር የሚኖር፣ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ግድም የሚነቃ ሰው የንጋት ዝማሬን ያውቀዋል፤ ስሙን ባያውቀውም። ሰማዩ ገና አልጠራም። አንዲት ወፍ ትጀምራለች፣ ሌላዋ ትቀበላለች፣ ትንሽ ቆይቶ አጥሩም ግቢውም በድምፅ ይሞላል። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ደግሞ እየሳሳ ይሄድና ወፎቹ ወደ ምግብ ፍለጋቸው ይበተናሉ። የንጋት ዝማሬ የሚባለው ይህ ጎህ ሲቀድ የሚያይለው የአእዋፍ ዜማ ነው።

ለምን በዚያ ሰዓት? አጥኚዎች በአንድ ምክንያት ብቻ አልተስማሙም። አንዱ ማብራሪያ ቀላል ነው፤ በድንግዝግዝ ትልም አይታይም፤ መብላት ካልተቻለ መዝፈን ይቻላል። ነፋሱ የተኛበት ሰዓት ስለሆነም ድምፅ ሳይሰባበር ይሄዳል። ሦስተኛው ማብራሪያ ለደጋ ሰው የሚገባ ነው። ብርዳሙን ሌሊት ያለ ምግብ አሳልፎ ጠዋት በሙሉ ኃይሉ የሚዘምር ወንድ፣ ጉልበት እንደተረፈው ለሴቷም ለተቀናቃኙም እያስታወቀ ነው። እንግሊዝ አገር በተደረገ ጥናት ደግሞ ዓይናቸው ከአካላቸው አንጻር ትልቅ የሆነ ወፎች ቀድመው እንደሚጀምሩ ታይቷል፤ በትንሽ ብርሃን ማየት የሚችለው ቀኑ ቀድሞ ይነጋለታል።

በድምፅ ለመለየት የፈለገ ሰው መጀመሪያ ዜማን ከጥሪ መነጠል አለበት። ጥሪ አጭር ነው፦ «ጭልፊት መጣ»፣ «እዚህ ነኝ»፣ «እንሂድ» እንደማለት። ዜማ ረዘም ያለ፣ ቅርጽ ያለውና የሚደጋገም ነው፤ ሥራውም ይዞታን ማስከበርና ተጓዳኝ መጥራት ነው። ጠዋት ጠዋት ከየተራራው ማደሪያቸው ተነሥተው በሰማዩ ላይ «ሃ ሃ ሃ» እያሉ የሚያልፉት፣ ምንቃራቸው ወደ ታች የቆለመመ፣ ጉሮሯቸው ላይ ቁራጭ ሥጋ የተንጠለጠለባቸው ትልልቅ ወፎች ጥሪ ነው የሚያሰሙት። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ሌላ የትም የማይገኙ መሆናቸው ግን ጩኸታቸውን ይቅር ያሰኛል።

ዜማው ሲሰማ «ደስ ይላል» ማለት አይረዳም፤ የወፍ ዜማ ሁሉ ደስ ይላል። ልብ መባል ያለበት አካሄዱ ነው። ይወጣል ወይስ ይወርዳል? አንዱን ሐረግ ሦስት ጊዜ ደግሞ ያርፋል ወይስ ሳይደግም ይፈሳል? ድምፁ የጠራ ፉጨት ነው ወይስ ጎርናና? ከየት ይመጣል፣ ከዛፍ ጫፍ ወይስ ከቁጥቋጦ ሥር? ግጥሙ ሳይጀመር ትዝታን ከባቲ የሚለይ ጆሮ ያለው ሰው ይህን ችሎታ አስቀድሞ ይዞታል።

ለመነሻ የሚሻሉት የማይለወጡት ናቸው። የደጋዋ ጠቆር ያለች ዋኔ ጎርናና፣ ዝቅ ያለ፣ የተንጓጓ ድምፅ ትደጋግማለች፤ ዋኔዎች ድምፃቸውን ከማንም አይማሩትም፣ ይዘውት ይፈለፈላሉ። ደረቱ ቀላ ያለው ኩኩም እንዲሁ ነው፦ ሦስት ጉልህ ድምፆች፣ እየወረዱ፣ ደግሞ ሦስት። በዝናብ ወራት ይበረታል። እሱን ማየት ከባድ ነው፤ መስማት ግን የማይቀር። እንቁላሉን የሚጥለው በሌሎች ወፎች ጎጆ ነው።

ጥቁር ጀርባና ነጭ ሆድ ያላት ቡቡ የምትባለው ወፍ ግን ጀማሪን ታሳስታለች። ከቁጥቋጦ ውስጥ ደወል የመሰለ ድምፅ ይወጣል፣ ወዲያው ሌላ ድምፅ ይከተለዋል፤ ሰሚው አንድ ወፍ ነው ብሎ ይጽፋል። የሚዘምሩት ባልና ሚስት ናቸው፤ አንደኛው ሲጀምር ሌላው የሚመልሰው በመሃሉ ክፍተት እስከማይሰማ ድረስ ነው። «የሚዘምረው ወንዱ ብቻ ነው» የሚለው አባባል ከአውሮፓ የመጣ ነው። በሞቃታማው የዓለም ክፍል የሚዘምሩ ሴቶች ብዙ ናቸው።

ለእኔ ግን የንጋቱ ባለቤት የሩፔል ሮቢን ቻት ናት። ስሟን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያ ከነበረው ጀርመናዊ የተፈጥሮ አጥኚ ከኤድዋርድ ሩፔል ነው። ፊቷ ጥቁር፣ ቅንድቧ ነጭ፣ ደረቷ ብርቱካናማ ነው፤ የግቢ ቁጥቋጦ ይበቃታል። ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ትዘምራለች፣ የሌሎችንም ወፎች ዜማ ትቀዳለች። የምትታወቀውም በዚሁ ነው። ከአንድ ቁጥቋጦ፣ በአንድ የድምፅ ጥራት፣ እርስ በርስ የማይዛመዱ ዜማዎች ተከታትለው ከመጡ፣ እዚያ ያሉት አምስት ወፎች ሳይሆኑ አንዲት ቀጂ ናት።

መቅዳት መቻል ማለት መማር መቻል ነው። ዘማሪ ከሚባሉት ወፎች ብዙዎቹ ጫጩት ሳሉ የሚሰሙትን ይዘው፣ እየተንተባተቡ፣ ኋላ ያስተካክሉታል። «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» የሚለው ተረት ለሰው የተተረተ ቢሆንም ለወፏም እውነት ነው፦ የካሊፎርኒያዋ ነጭ ዘውድ ድንቢጥ በጥቂት ኪሎ ሜትር ልዩነት ዘዬዋ ይለያያል። ስለዚህ በደቡብ አፍሪካ የተቀዳ ዜማ ሰምቶ በጎንደር ያንኑ መጠበቅ፣ በተለይ ዜማቸውን በሚማሩ ወፎች ላይ፣ ያሳስታል።

ከተማውም ዜማውን ይለውጠዋል። በኔዘርላንድ ሌይደን ከተማ ጫጫታ ያለበት ሰፈር የሚኖሩ ወፎች ቀጠን ባለ ድምፅ እንደሚዘምሩ እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሟል፤ የመኪና ጉርምርምታ ወፍራሙን ድምፅ ይውጠዋልና። በ2020 በኮቪድ ምክንያት ሳን ፍራንሲስኮ ጭር ስትል፣ ያቺው ነጭ ዘውድ ድንቢጥ ድምፅዋን ቀነሰች፤ ወፍራሙንም ክፍል መልሳ መዘመር ጀመረች።

ስልክ ይረዳል። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአእዋፍ ቤተ ሙከራ መርሊን በሚባለው መተግበሪያው ላይ ድምፅ መለያ የጨመረው በ2021 ነው። ድምፁን ወደ ሥዕል ይቀይረዋል፦ ጊዜው ወደ ጎን፣ ቅጥነቱ ወደ ላይ፤ ከዚያ ሥዕሉን ከተማራቸው ሥዕሎች ጋር ያስተያያል። ዜኖ ካንቶ የሚባለው ድረ ገጽ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሰዎች በየአገሩ የቀዱትን በነፃ ያሰማል። ሁለቱም ጎበዝ የሚሆኑት ብዙ ቅጂ በተሰበሰበላቸው ወፎች ላይ ነው። ቀጂዋ ወፍ ደግሞ ማሽኑንም ልታታልለው ትችላለች፤ ስለዚህ ስልኩ ስም ሲሰጥ ብርሃን እስኪወጣ ጠብቆ ወፏን ማየት ይሻላል።

አንድ ሰው ቀድሞ የወፉን ድምፅ ከአካሉ ጋር ካላገናኘው ጆሮም ስልክም አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1990 ነጭ ሳር ሜዳ ላይ፣ መንገድ ዳር ከተገኘ አንድ ክንፍ ተነሥተው ሳይንቲስቶች አዲስ የሌሊት ወፍ ዝርያ ሰይመዋል። የሌሊት ወፍ ስል አጥቢዋን አይደለም፤ ላባ ያላትን፣ በምሽት ነፍሳት የምታድነውን ነው። በተሰየመች ጊዜ ዜማዋን ለይቶ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።