በአዲስ አበባ ዳር ዳር ሰርቨር በቤት ማቆየት

የቤት ሰርቨር ሌት ተቀን የማይጠፋ ኮምፒውተር ነው። የባለቤቱን ፋይሎች ያስቀምጣል፤ ከሩቅ ሆኖ ለሚጠይቅም ይሰጣል። ብዙ ጊዜ ስክሪንም ኪቦርድም የለውም። ቁም ሳጥን ላይ ወይም ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ቁጭ ብሎ አንዲት ትንሽ መብራት ያበራል። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ ባሉ ኮንዶሚኒየሞች፣ ወይም ከከተማው ወጣ ብሎ ለገጣፎና ሰበታ፣ ይህን ነገር ለዓመታት ማቆየት መሀል ከተማ ካለ ቢሮ ውስጥ ከማቆየት የተለየ ሥራ ነው። ሶፍትዌሩ የትም አንድ ነው። የሚለየው መብራቱ፣ መስመሩና አቧራው ነው።

እኔ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ቱሉ ዲምቱ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ አለኝ። ውስጡ አባቴ የጻፏቸው ደብዳቤዎች ስካን ተደርገው ተቀምጠዋል። የቤተሰብ ፎቶና የሰርግ ቪዲዮ አለ። የብሎካችን ዕድር መዝገብ ቅጂም አለ። ከዚህ በታች የምጽፈው አጠቃላይ ዳሰሳ ቢሆንም፣ በራሴ ቤት ያየሁትን ሳልጨምር ማለፍ አልቻልኩም።

ለምን በቤት?

ቀላሉ መንገድ ውጭ አገር ካለ ድርጅት በወር ጥቂት ዶላር ከፍሎ ሰርቨር መከራየት ነው። ለእኛ ችግሩ ክፍያው ነው። የውጭ ካርድ ይጠይቃል። ካርዱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የዘመድ ነው። ዘመድ ካርዱን ሲቀይር ወይም ጊዜው ሲያልፍበት፣ ሰርቨሩ አብሮ ይዘጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በወር 5 ዶላር የሚከፈልበት ትንሽ ሰርቨር ከ285 ብር ገደማ ተነስቶ ከ500 በላይ ሆነ። አገር ውስጥ፣ ጎሮ አይሲቲ ፓርክ ግቢ ትልልቅ የዳታ ማዕከላት ተሠርተዋል። ዋና ደንበኞቻቸው ግን ባንኮችና ተቋማት እንጂ የአባቱን ደብዳቤ የሚያስቀምጥ ሰው አይደለም።

ማሽኑ

ለዚህ ሥራ አዲስ ዕቃ አያስፈልግም። መርካቶ የሚሸጥ ያገለገለ ኮምፒውተር ይበቃል። ልዩነቱ የሚታየው ቆጣሪው ላይ ነው። 60 ዋት የሚበላ አሮጌ ዴስክቶፕ ሌት ተቀን ሲሠራ በወር 43 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው፤ ርካሹ የመጀመሪያው እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ዴስክቶፑ ይህን እርከን ለብቻው ሊጨርሰው ነው ማለት ነው። ምጣድና ፍሪጅ ሲጨመሩ ወደ ውዱ እርከን መግባት አይቀርም። 15 ዋት የሚበላ ላፕቶፕ ግን 11 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይበቃዋል። ራስፕቤሪ ፓይ የምትባለው የእጅ መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር በ5 ዋት ስትሠራ 3.6 ብቻ ትወስዳለች።

የምመክረው አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ስክሪኑ ቢሰነጠቅም ችግር የለውም። ባትሪው ትንሽ እንኳ የሚይዝ ከሆነ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያቆየው መጠባበቂያ ውስጡ አለ። ራስፕቤሪ ፓይ ኤሌክትሪክ ብትቆጥብም፣ የምትነሳው ከሚሞሪ ካርድ ከሆነ፣ እየጻፈች ሳለ መብራት በድንገት ሲቋረጥ ካርዱ ቶሎ ይበላሻል።

አየሩ ይረዳናል። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቀዝቀዝ ስለሚል ኤሲ አያስፈልግም። ከፍታው ግን ሌላ ጣጣ አለው። ሃርድ ዲስክ ውስጥ ያለው መጻፊያ ጭንቅላት የሚንሳፈፈው በቀጭን የአየር ሽፋን ላይ ነው፤ ከፍታ ሲጨምር ደግሞ አየሩ ይሳሳል። ለዚህም ነው አምራቾች ብዙውን ጊዜ 3,048 ሜትርን የላይኛው ጣሪያ የሚያደርጉት። ከተማው ከዚህ በታች ስለሆነ ይሠራል፤ እንጦጦ አናት ላይ ግን ጣሪያው ይታለፋል። ኤስኤስዲ የሚባለው ሌላው የዲስክ ዓይነት የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ይህ አያሳስበውም። አቧራ ግን ሁሉንም ያሳስባል። በበጋ፣ መንገዱ አስፋልት ባልሆነበትና ግንባታ ባላለቀበት ሰፈር፣ በሦስት ወር አንዴ ከፍቶ ማራገፍ ያስፈልጋል።

መብራት

ሰርቨር የሚያቆይ ሰው ከሁሉ በላይ የሚያስበው ስለ መብራት ነው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ 3 ግድብ ውኃ ቀንሶ መብራት በፈረቃ ሲታደል፣ ጭንቁ ቢያንስ ሰዓቱ የታወቀ ነበር። በሌላው ጊዜ የሚጎዳው ሳይታሰብ መጥፋቱ ነው። ከመጥፋቱም ይልቅ አመጣጡ ይከፋል። መብራት ሲመጣ አንዴ መጥቶ አይረጋም። ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይመጣል። ሰርቨሩ ለመነሳት ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ ይቆረጥበታል። በክረምት መብረቅ ሲጨመር ደግሞ ራውተሩም አብሮ ይሄዳል።

ይህን በራሴ ላይ አይቻለሁ። አንድ የነሐሴ ማታ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ሄዶ መጣ። ሰርቨሩና የቅጂ ዲስኩ አንድ ዲቫይደር ላይ ተሰክተው ነበር። ሁለቱም አልተነሱም። የሰባት ወር ሥራ ጠፋ። ደብዳቤዎቹ ወረቀታቸው ስለነበረ እንደገና ስካን አደረግኳቸው። ከጎረቤት ስልክ የወሰድኩት የእናቴ የመጨረሻ ልደት ቪዲዮ ግን ሌላ ቅጂ አልነበረውም። አሁንም ይቆጨኛል።

ስለዚህ ከአንድ በላይ መከላከያ ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ዋናው ነው። ትንሹ ዓይነት ብዙ ጊዜ ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት የሊድ ባትሪ አለው። ይህ በወረቀት 84 ዋት ሰዓት ነው፤ በተግባር የሚገኘው ከዚያ በብዙ ያንሳል። ላፕቶፕና ራውተር ለተወሰነ ጊዜ ይይዛል፤ ዴስክቶፕ ላይ ቶሎ ያልቃል። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ባትሪው ቶሎ ይደክማል፤ በየሁለት ሦስት ዓመቱ መቀየር አለበት። ፈተናው ቀላል ነው፦ ገመዱን ነቅሎ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ መቁጠር። እኔ በየወሩ አደርገዋለሁ።

ለፍሪጅ የሚገዛው ስታቢላይዘር መብራት ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ዘግይቶ የሚለቅ ዓይነት ከሆነ፣ ለሰርቨርም ውለታ ይውላል። ያ የመጀመሪያው ብልጭ ድርግም ሲያልፍ ነው የሚከፍተው። ዴስክቶፕ ከሆነ፣ መብራት ሲመጣ ራሱ እንዲነሳ ከውስጥ ማስተካከያው ማዘዝ ይገባል። አለበለዚያ ባለቤቱ ሥራ ላይ እያለ ማሽኑ ሰው ጠባቂ ይሆናል። ካርድ ቆጣሪ ያለው ቤት ደግሞ ሂሳቡ ሌሊት እንዳያልቅ ማየት አለበት። የሰፈሩ መብራት በርቶ የኔ ቤት ብቻ ጨለማ የሆነበት ሌሊት ነበር፤ ካርዱ አልቆ ነው።

አንድ ብዙ የማይታሰብ ነገር ልጨምር። ኮምፒውተር ውስጥ ሰዓቱን የምትጠብቅ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ አለች። አሮጌ ማሽን ላይ ብዙ ጊዜ ሞታለች። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማሽኑ ከብዙ ዓመት በፊት ያለ ቀን ይዞ ይነሳል። ያኔ የድረ ገጾችን ማንነት የሚያረጋግጡትን የደህንነት ሰርተፍኬቶች አይቀበልም፤ ቀናቸው ገና ያልደረሰ ይመስለዋል። ሰው ቀኑን ሙሉ ኔትወርኩን ሲያገላብጥ ይውላል። ችግሩ የአንዲት ትንሽ ባትሪ ነው።

መስመር

ኢንተርኔት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ማውረዱን ነው። ለሰርቨር የሚያስፈልገው መላኩ ነው። ፋይሉን ለሌላው የሚሰጠው እሱ ነውና።

ሁለተኛው እንቅፋት አድራሻ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለ ዕቃ የሚገኘው በቁጥር አድራሻ ነው፤ የአሮጌው ሥርዓት (IPv4) አድራሻዎች 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ናቸው፤ ዓለም አቀፉ መጋዘን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ባዶ ሆነ። ስለዚህ አቅራቢዎች ብዙ ደንበኛን በአንድ አድራሻ ያጋራሉ። ነገሩ በመሥሪያ ቤት ፖስታ ሣጥን ቁጥር እንደሚጠቀም ሰው ነው። አንተ ደብዳቤ ስትልክ ይሄዳል፤ መልሱም ይመጣልሃል። የማያውቅህ ሰው በዚያ ቁጥር በቀጥታ ሊያገኝህ ሲሞክር ግን ማን እንደሆንክ የሚያውቅ የለም። ራውተሩ የያዘው አድራሻ በ100.64 እና በ100.127 መካከል ከሆነ፣ የጋራ ሣጥን ውስጥ ነህ።

መውጫው ሰርቨሩ ራሱ ቀድሞ እንዲደውል ማድረግ ነው። እንደ ዋየርጋርድ ባለ ሶፍትዌር ከቤት ወደ ውጭ ዋሻ፣ ማለትም ሌላ ሰው የማያነበው መስመር፣ ይከፈታል፤ ጎብኚ በዚያው ተመልሶ ይገባል። በሌላኛው ጫፍ አንድ ትንሽ የተከራየ ማሽን፣ ወይም ይህን አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ያስፈልጋል። የውጭ ካርዱ ጣጣ እዚህ ላይ ተመልሶ ይመጣል፤ ግን ፋይሎቹ ቤት ስለሆኑ፣ ክፍያው ቢቋረጥ የሚጠፋው በሩ እንጂ ዕቃው አይደለም። ይህ ለእኔ ትልቅ ልዩነት ነው።

መስመሩ ከነጭራሹ የተዘጋበት ጊዜም ነበር። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በአገሪቱ ሦስት ሳምንት ገደማ ተቋርጦ ቆየ። ያኔ የቤት ሰርቨር ያለው ሰው አንድ ነገር ተረዳ፦ የቤቱ ዋይፋይ ውጭውን አይጠብቅም። ልጆቹ ፎቶውን ያዩ ነበር፤ የዕድሩ ጸሐፊም ቤቴ መጥተው መዝገቡን ከስልካቸው አመሳከሩ። ለዚህ ግን ሰርቨሩ በቤት ውስጥ ስሙ እንዲታወቅ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ስልክህ የሰርቨሩን ስም ለመጠየቅ ውጭ የሚወጣ ከሆነ፣ ሰርቨሩን አጠገብህ ተቀምጦ አታገኘውም።

ፊደልና ሰዓት

የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደሚጋሩት የፊደል መለያ ቁጥር ዝርዝር፣ ወደ ዩኒኮድ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ በፓወር ግዕዝና በመሰሎቹ የተጻፈ ፋይል ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደል ትርምስ ሆኖ ይከፈታል። የቆዩ ፋይሎችን ወደ ሰርቨር የሚያስገባ ሰው መጀመሪያ እነሱን መቀየር አለበት፤ ካልሆነ መፈለግ አይቻልም። ፍለጋው ራሱም ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ ጸ እና ፀን አንድ አድርጎ እንዲያይ ካልታዘዘ፣ «ፀሐይ» ብሎ የጻፈውን «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ አያገኘውም። ዩኒኮድ በሚቀመጥበት በተለመደው መንገድ፣ በዩቲኤፍ ኤይት፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ብዙ ሰርቨር በሚሠራበት ነጻ ሥርዓት፣ በሊኑክስ፣ የፋይል ስም ከ255 ባይት ስለማይበልጥ፣ በአማርኛ የተሰየመ ፋይል 85 ፊደል ላይ ይቆማል። ረጅም የደብዳቤ ርዕስ ስሰይም ነው ይህን ያወቅኩት።

ሰርቨሮች በልማድ የሚቆጥሩት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። የእነሱ ቀን የሚቀየረው በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ለቅጂ ሥራ ጥሩ ሰዓት ነው፤ ሁሉም ተኝቷል።

በሩን መጠበቅ

ወደ ውጭ የተከፈተ ሰርቨር ወዲያው ይንኳኳል። የሚያንኳኩት ሰዎች ሳይሆኑ የይለፍ ቃል እየገመቱ ዓለምን የሚዞሩ ፕሮግራሞች ናቸው። በይለፍ ቃል መግባትን ዘግቶ በቁልፍ ፋይል ብቻ መግባት አብዛኛውን ያስቀራል። ቀሪው ማደስ ነው። ደቢያን ሊኑክስ በየሁለት ዓመቱ ገደማ አዲስ እትም ያወጣል፤ አንዱ እትም ለአምስት ዓመት ያህል ጥገና ያገኛል። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት በነጻ የሚሰጠው የደህንነት ሰርተፍኬት ለ90 ቀን ሲሠራ ቆይቷል፤ በራሱ እንዲታደስ ካልተደረገ አንድ ቀን ይረሳል።

የሌላ ሰው መረጃ የሚያስቀምጥ ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንዳለ ይወቅ። የዕድር አባላት ስልክ ቁጥር የራስ ፎቶ አይደለም። እኔ መዝገቡን ቆልፌዋለሁ፤ ቁልፉ ያለው ጸሐፊው ጋ ነው።

ቅጂ

ከዚያ የነሐሴ ማታ በኋላ ሦስት ቅጂ እይዛለሁ። አንዱ ሰርቨሩ ላይ ነው። ሁለተኛው በሳምንት አንዴ ብቻ ተሰክቶ የሚነቀል ዲስክ ላይ። ሦስተኛው ጀሞ፣ እህቴ ቤት። ዲስኩን የማቀያይረው በዓውደ ዓመት ነው። እንቁጣጣሽ፣ ገናና ፋሲካ ስንጠያየቅ አዲሱን ይዤ እሄዳለሁ፣ አሮጌውን ይዤ እመለሳለሁ። በቀጠሮ የሚደረገውን ሰው ይረሳዋል፤ ዓውደ ዓመትን ግን የሚረሳ የለም።

አሁን የያዝኩት ሦስተኛው ማሽን ነው። አጠገቡ መሳቢያ ውስጥ አንድ ወረቀት አለ፦ እንዴት እንደሚነሳ፣ ቅጂው የት እንዳለ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ተጽፎበታል። ባለፈው ፋሲካ እህቴ ወረቀቱን ብቻ ይዛ የአባታችንን ደብዳቤዎች እንድታወጣ ጠየቅኳት። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀባት። ሁለት መስመር ጎድሎ ነበር፤ እዚያው በእስክሪብቶ ጨመርኩት።