የኢንዶስኮፒ ማሠልጠኛ ሞዴሎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

(ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኢንዶስኮፒ ማለት ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው ተጣጣፊ ቱቦ (ስኮፕ) የሰውነትን ውስጥ መመርመር ነው፤ ሲሙሌተር ደግሞ ሐኪም ይህን የሚለማመድበት መሣሪያ ነው።

«ሲሙሌተር ማለት ኮምፒውተር ያለው ውድ ማሽን ነው»

ኮምፒውተሩ ኋላ የመጣ ነው። የምግብ ቧንቧና ጨጓራ ምርመራ መለማመጃ አካል ጀርመን ውስጥ በ1974 ተሠርቶ ነበር። ዛሬ አራት ዓይነት መለማመጃ አለ፦ ከፕላስቲክና ከጎማ የተሠራ ሞዴል፣ ከቄራ የመጣ የእንስሳ አካል፣ በማደንዘዣ የተኛ እንስሳ እና የኮምፒውተር ሲሙሌተር። እያንዳንዱ የሚያስተምረው የተለየ ነው። የኮምፒውተሩ ስኮፕ አንጀት ውስጥ መንገድ መፈለግን ያለማምዳል፤ እጅ ላይ የሚሰማው ግፊት ግን ከእውነተኛው አንጀት ጋር እኩል አይደለም። የፕላስቲኩ ሞዴል ደግሞ ካውተሪ (በኤሌክትሪክ ሙቀት የሚቆርጥና ደም የሚያቆም መሣሪያ) ሊነካው አይገባም፤ ይቀልጣል።

«ሰውን ይበልጥ የሚመስለው ይበልጥ ያስተምራል»

ለጀማሪ መልኩ ብዙ አይጠቅመውም። ቦስተን ውስጥ የተሠራ አንድ መለማመጃ ሣጥን ሰው ሆድ ውስጥ ካለው ነገር አንዱንም አይመስልም። ያሉት አምስት ሥራዎች ብቻ ናቸው፦ የስኮፑን ጫፍ ወደ ኋላ መመለስ፣ ዘንጉን (ረጅሙን ቱቦ) ማዞር፣ ጫፉን የሚያጣጥፉትን የመያዣውን ጎማዎች በግራ አውራ ጣት መቆጣጠር፣ ፖሊፕ (አንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል እባጭ) መሰል ነገር በወጥመድ ሽቦ መያዝ፣ የተጠማዘዘ ስኮፕ ማቃናት። ጀማሪ የሚወድቀውም በእነዚሁ ነው። ግራ እጁ ጎማውን መያዝ ሲያቅተው ቀኝ እጁን ከዘንጉ አንሥቶ ሊያግዘው ይሞክራል፤ ያኔ ስኮፑ ከደረሰበት ይንሸራተታል።

«ማሽኑን ገዝተን ክፍል ውስጥ ካስቀመጥነው ሬዚደንቶቹ ራሳቸው ይማሩበታል»

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ለንደን ውስጥ ተሠርቶ በ2004 የታተመ ጥናት ጀማሪዎችን ምንም አስተያየት ሳይሰጣቸው የኮሎኖስኮፒ (የትልቁ አንጀት ምርመራ) ሲሙሌተር ላይ ደጋግሞ አሠራቸው፤ ውጤታቸው አልተሻሻለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማሽኑ «ዘገየህ»፣ «ሕመምተኛው ታመመ» ሊል ይችላል፤ የግራ ክንድህ ስለወረደ ነው፣ አየር ስላበዛህ ነው ብሎ ግን አይነግርም።

አጠገብ የቆመ አስተማሪ ስክሪኑን ብቻ ሳይሆን ዘንጉ ላይ የተጻፈውን የሴንቲሜትር ቁጥር ያያል። ትልቁ አንጀት በጣፊያ በኩል የሚታጠፍበት ቦታ ሲደረስ ቀጥ ያለ ስኮፕ 50 ሴንቲሜትር ገደማ ያሳያል፤ መጨረሻው ጋ (ሲከም) ሲደርስ ከ70 እስከ 80። መታጠፊያው ላይ 80 ከተነበበ ስኮፑ ከኋላ ተጠማዝዟል ማለት ነው። ሠልጣኙ ሲገፋ ጫፉ የማይንቀሳቀስ ወይም የሚያፈገፍግ ከሆነም ያው ነው። መፍትሔው መግፋትን ማቆም፣ አየር መምጠጥ፣ ከዚያም ዘንጉን በሰዓት አቅጣጫ እያዞሩ ወደ ኋላ መሳብ ነው። ይህን ሳይማር ሃያ ጊዜ የገፋ ሰው ያጠነከረው መጥፎውን ልማድ ነው። ጠረጴዛውም ችላ አይባልም፤ ከክርን ዝቅ ብሎ ከ10 ሴንቲሜትር በላይ መውረድ የለበትም፣ ስክሪኑም ፊት ለፊት ይሁን።

«ሲሙሌተር ላይ የሠለጠነ ሰው ሕመምተኛ ላይ ብዙ መሥራት አያስፈልገውም»

በ2006 የታተመ የኒውዮርክ አካባቢ ጥናት 45 ጀማሪ ሠልጣኞችን ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹን ለ10 ሰዓት ሲሙሌተር ላይ አሠራ። እነርሱ በመጀመሪያዎቹ 80 ገደማ ኮሎኖስኮፒዎች ከሌሎቹ ይሻሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ልዩነቱ ጠፋ፤ ሁለቱም ቡድኖች ብቁ ለመሆን በአማካይ 160 ያህል ሕመምተኛ አስፈልጓቸዋል። ጥቅሙ ትንሽ እንዳይመስል፤ የመጀመሪያዎቹ 80 ሕመምተኞች የሚያገኙት ሐኪም እጁን ያፍታታ ሆነ ማለት ነው።

«የእንስሳ አካል ኋላ ቀር ዘዴ ነው፤ ደግሞም የትኛውም እንስሳ ይሆናል»

የሚደማ ቁስል ማቆምን ለመለማመድ እስካሁን ከዚህ የሚሻል ርካሽ ነገር የለም። ጀርመን ኤርላንገን ውስጥ በ1990ዎቹ የተስፋፋው ሞዴል የአሳማ ጨጓራን ከምግብ ቧንቧውና ከዱዲነሙ (ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ) ጋር ይጠቀማል። የአሳማ ጨጓራ እንደ ሰው አንድ ክፍል ነው፤ የበሬና የበግ ግን አራት ክፍል ስላለው አይሆንም። አሳማ እንደ ልብ በማይገኝበት እንደ እኛ አገር ይህ ቀላል ችግር አይደለም። የበሬ ትልቁ አንጀት ግን ለኮሎኖስኮፒ ልምምድ ውሏል፤ ለዚህኛው የእኛ ቄራ ይበቃል።

አዘገጃጀቱ እንዲህ ነው። አካሉ ታጥቦ በበረዶ ይቀመጣል፤ ከልምምዱ በፊት ባለው ሌሊት ፍሪጅ ውስጥ ይሟሟል። የምግብ ቧንቧው ጫፍ በፕላስቲክ ቱቦ ላይ ተጎትቶ በጥብቅ ይታሰራል፤ የዱዲነሙም ጫፍ ይታሰራል። አንዱ ካፈሰሰ ጨጓራው አይነፋም፣ ምንም አይታይም። ለደም መፍሰስ አንድ የደም ስር በጨጓራው ግድግዳ ውስጥ አልፎ ከውጭ ዙሪያውን ይሰፋል፤ የውጭው ጫፍ ቀይ ቀለም ከገባበት ውሃ ጋር በሲሪንጅ ወይም በፓምፕ ይያያዛል። የደም ስሩ ወደ ውስጥ ብዙ ከወጣ ክሊፕ (የሚደማውን ቦታ የሚቆነጥጥ ትንሽ መያዣ) በቀላሉ ይይዘዋል፤ ሠልጣኙም ያልቻለውን የቻለ ይመስለዋል። ጥቂት ሚሊሜትር ይበቃል። ካውተሪ ካለ የመመለሻው ፓድ (ኤሌክትሪኩ ወደ መሣሪያው የሚመለስበት) እርጥብ ሥጋውን ሙሉ በሙሉ መንካት አለበት፤ አለበለዚያ መሣሪያው አይሠራም። እንስሳ የነካ ስኮፕ ደግሞ ምልክት ተደርጎበት ለብቻው ይቀመጣል፤ ወደ ሕመምተኛ አይመለስም።

ለሐሞት ቱቦ ሥራ አሳማም ቢሆን ችግር አለበት። የሐሞት ቱቦው ቀዳዳ ከጨጓራው መውጫ በጣም ቅርብ ነው፤ የቆሽቱ ቱቦ ደግሞ ለብቻው ራቅ ብሎ ይከፈታል። ስለዚህ ስኮፑ ሰው ላይ የሚይዘውን አቋም አይይዝም። አንዳንድ አሠልጣኞች የዶሮ ልብ ዱዲነሙ ላይ ሰፍተው ሰው ሠራሽ ቀዳዳ ይፈጥራሉ፤ እየተቆረጠም ሊተካ ስለሚችል ብዙ ሠልጣኝ ተራ በተራ ይቆርጥበታል።