የዛገ የሞተር ሳይክል ክሮም፦ የሚባለውና እውነታው

አሮጌ ሞተር ሳይክል የሚያድስ ሰው ክሮሙ ላይ፣ ማለትም ብረቱ ላይ በኤሌክትሪክ የሚነከረው የሚያብረቀርቅ ሽፋን ላይ ሲደርስ መካሪ አያጣም። ከምክሩ ግን ብዙው ውሃ አያነሳም።

«ክሮሙ ዝጓል»

የዛገው ክሮሙ ሳይሆን ከስሩ ያለው ብረት ነው። ለጌጥ የሚነከር ክሮም ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ 1 ማይክሮን እንኳ አይሞላም፤ ማይክሮን ማለት የሚሊሜትር ሺህኛ ነው። በዚያ ላይ በዓይን የማይታዩ ስንጥቆች አሉት። ብረቱን ከእርጥበት የሚከላከለው በክሮሙና በብረቱ መሃል ያለው የኒኬል ሽፋን ነው፤ ከክሮሙ በብዙ እጥፍ ይወፍራል። ኒኬሉ ከተበሳ ግን እርጥበቱ ብረቱ ጋ ይደርሳል፣ ዝገቱም በዚያችው ቀዳዳ ወደ ላይ ይወጣል።

«አዲሱ ክሮም ጉድጓዱን ይሞላዋል»

ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ጋ ነው። ቀለም ገመና ይሸፍናል፤ ክሮም ግን ገመና ያወጣል። ከስሩ አንዲት ጭረት ካለች፣ ሲያብረቀርቅ ያቺው ጭረት ቀድማ ትታያለች።

ስለዚህ ሥራው ያለው ከክሮሙ በፊት ነው። መጀመሪያ አሮጌው ክሮምና ኒኬል እስከ ብረቱ ይነሳል። ያኔ ዕቃው አስቀያሚ ይሆናል፣ አትደንግጡ። ቀጥሎ ዝገቱ ይጸዳል። ጉድጓዶቹ ቀለል ካሉ ብረቱ ተፍቆ ይስተካከላል። ጠለቅ ካሉ መዳብ ይነከርና በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ እንደገና መዳብ፣ እንደገና ፍግፈጋ። ጥፍር ሲያሳልፉበት ምንም ካልያዘ በቃ። ከዚያ ኒኬል፣ በመጨረሻም ክሮም። ክሮሙ ራሱ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። የምትከፍሉት በአብዛኛው ለፍግፈጋው ነው፤ ዋጋው በጣም ሲረክስ እኔ የምጠረጥረውም እሱን ነው።

በስቱኮ እንሙላውስ? አይሆንም። ተራ ስቱኮ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ኒኬሉም አይይዝበትም።

«ትንሽም ከዛገ መነከር አለበት»

አትቸኩሉ። ላዩ ላይ ብቻ ላለ ዝገት የአልሙኒየም ፎይል ጨምድዶ፣ ውሃ ነክሮ ማሸት ይበቃል። አልሙኒየም ከክሮም ስለሚለሰልስ አይጭረውም። ሲጨርሱ አድርቆ ሰም መቀባት ነው። የተበሳው እንደተበሳ ይቀራል፣ ግን ከሁለት ሜትር ርቀት ማን ያየዋል?

«የክሮም ስፕሬይም ያው ነው»

ስፕሬዩ ቀለም ነው። ያውም በቀላሉ የሚፋቅ።

«ክሮም ሁሉ አንድ ነው»

የፊት ሾክ ላይ የሚንሸራተተው ዘንግ የሚነከረው ጠንካራ በሚባለው ክሮም ነው። ይህኛው በአስር ማይክሮኖች የሚቆጠር ውፍረት አለው፣ ከተነከረ በኋላም በልኩ ይሞረዳል። የጌጥ ክሮም ብቻ ለሚሠራ ሰው ከሰጣችሁት ዘይት ማፍሰሱ አይቀርም።

ብሎንና ሞላ ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በመነከር ሂደት ሃይድሮጅን ወደ ብረቱ ይገባል፤ በጣም ጠንካራ የሆነ ብረት በዚህ ምክንያት ሳይታሰብ ሊሰበር ይችላል። መፍትሔው ወዲያው 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሙቀት ውስጥ ለሰዓታት ማቆየት ነው። ይህን የማያደርግ ባለሙያ ከሆነ፣ ጭነት የሚሸከም ብሎን አትስጡት፤ አዲስ ግዙ።

«ማርሚታው ሰማያዊ የሆነው ክሮሙ መጥፎ ስለሆነ ነው»

ሰማያዊ ያደረገው ሙቀት ነው። ነዳጁ ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር ሲያንስ ወይም ሻማው እሳት የሚሰጥበት ሰዓት ሲዛባ ቱቦው ከልክ በላይ ይግላል። ነዳጁንና አየሩን የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ሳይስተካከል ማርሚታውን ማስነከር ገንዘብ መጣል ነው።

«ቤት ውስጥ እንሠራዋለን»

በተለምዶ ክሮም የሚነከርበት ፈሳሽ ውስጥ ያለው ባለ ስድስት ቫለንስ ክሮሚየም ካንሰር ያመጣል። ሥራው ላይ የሚነሳው ጉምም ያው ነው። ጓንትና ጭምብል ለብሼ እወጣዋለሁ የሚባል ነገር አይደለም። ቤት ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ በሟሟበት ባልዲ ውሃና በባትሪ ቻርጀር ዝገት ማንሳት ግን ይቻላል። ክሮሙ ያልተነሳለትን ዕቃ ግን ባልዲው ውስጥ አትክተቱ፤ በቻርጀሩ ፖዘቲቭ ሽቦ በኩል ደግሞ የማይዝግ ብረት ማንኪያ እንዳታስሩ፤ ያንኑ መርዝ ባልዲው ውስጥ ይለቃል። ተራ የብረት ቁራጭ ይበቃል።